ከመኪና ጋራዥ እስከ ሰማይ፦ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወትና የአውሮፕላን ነዳጅ ነገር

የዛሬው ጽሑፋችን የሚጀምረው ከአንድ ስሕተታችን ነው። ስሕተቱን ደብቀን ብናልፈው ማንም አያውቅብንም ነበር። ነገር ግን አስተማሪ ለመሆን የተነሳ ሰው የተሳሳተውን ካላረመ ምኑን አስተማረው ብለን ስላመንንበት እነሆ በግልጽ እንናገራለን።

ባለፈው መንፈቅ ለማስተማር ልምምድ ወደ ኦሞራቴ ከወረዱት መካከል እኛ አራት የሳይንስ እጩዎች ነበርንበት። ኦሞራቴን ላላያችሁ፣ ከቱርሚ ወዲያ መሬቱ እየሰፋ፣ ሙቀቱም እየባሰ ሄዶ ከኦሞ ወንዝ ዳር የምትገኝ የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። አንድ ቀን ሰባተኛ ክፍል ስለ ነዳጅ እያስተማርን ሳለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከወንዙ በላይ ዝቅ ብላ አለፈች። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮት! ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ አውሮፕላን የሚነዳው በምን ዓይነት ነዳጅ እንደሆነ ጠየቀችን። እኛም ሳናቅማማ ሁሉም አውሮፕላን በቤንዚን ነው የሚሄደው ብለን መለስን።

ልጅቱ ግን አልተቀመጠችም። በሰፈራቸው ሦስት ዓይነት ነዳጅ እንዳለ ነገረችን። በሃይላንድ እየተሸጠ ለሞተር ብስክሌት የሚሆነው ቤንዚን አንዱ ነው፤ ከወንዙ ውኃ ለሚስበው ፓምፕ የሚሆነው ናፍጣ ሁለተኛው ነው፤ ለኩራዝ የሚሆነው ነጭ ጋዝ ሦስተኛው ነው። ወንድሟ አንድ ቀን ተሳስቶ ነጭ ጋዝ ሞተር ብስክሌቱ ውስጥ ቢጨምር ሞተሩ አንኳኩቶ፣ ጭስ አጭሶ መንገድ ላይ ቀረ። ታዲያ ትንሽ ሞተር እንኳ እንዲህ ከመረጠ፣ ትንሿም ትልቁም አውሮፕላን እንዴት አንድ ዓይነት ነዳጅ ይጠጣል? ጥያቄዋ ይህ ነበር። እኛ ምን አደረግን? ሰዓት ደርሷል ብለን አስቀመጥናት። እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ወደ ተቋማችን ከተመለስን በኋላ ነገሩን ስናጣራ ስለ ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ ሰውም አነበብን። ሕይወቱን በሙሉ ሞተር ምን እንደሚበላና ለምን እንደሚበላ ሲማር፣ ያወቀውንም ለሌላው ሲያስተምር ኖሮ በአገራችን አፈር ያረፈ ሰው ነው። ስማቸው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል። እንግዲህ የሳቸውን ሕይወት እየተከተልን የልጅቱንም ጥያቄ እንመልሳለን።

የመካኒኩ ልጅነት

ጆን ሮቢንሰን በሰሜን አሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱባቸው እናታቸው ይዘዋቸው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ገልፍፖርት ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። ያደጉትም እዚያው ነው። የእንጀራ አባታቸው የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ስለነበሩ ልጁ ከብረትና ከማሽን ድምፅ ጋር አደጉ ማለት ይቻላል። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ በገልፍፖርት አንድ አውሮፕላን ሲያርፍ አይተው ልባቸው እንደተሰረቀ ይነገራል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጅ መብረር ቀርቶ መማር ራሱ ጭንቅ ነበር። የነጭና የጥቁር ትምህርት ቤት የተለያየ ነው፤ የጥቁሩም ክፍል ሳይሞላ ያልቃል። ሮቢንሰን ግን በጥቁሮች መምህርነት ስሙ ወደተጠራው ወደ ተስኪጊ ተቋም ገብተው የመኪና መካኒክነት ተማሩ። እንደኛው የተግባርና የትምህርት ተቋም ልጅ ነበሩ ማለት ነው።

መኪና ያወቀ ሰው ስለ አውሮፕላን ግማሹን አውቋል። ለምን ቢባል፣ የዚያ ዘመን አውሮፕላን ሞተር የመኪና ሞተር ታላቅ ወንድም ስለነበረ ነው። ሁለቱም ፒስተንና ሲሊንደር አላቸው። አየርና የቤንዚን ተን ተደባልቀው ወደ ሲሊንደሩ ይገባሉ፤ ፒስተኑ ጠቅጥቆ ያጠብባቸዋል፤ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ ድብልቁ ይቃጠልና ፒስተኑን ይገፋል። በመኪና ላይ ይህ ግፊት ጎማ ያዞራል፤ በአውሮፕላን ላይ ፕሮፔለር ያዞራል።

ታዲያ ለዚህ ሥራ ለምን ቤንዚን ተመረጠ? ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ከአየር ጋርም ቶሎ ይዋሃዳል። ካንዴላ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ነጭ ጋዝ ግን ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይተንም፤ ሲጠቀጠቅም ካንዴላውን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። የኦሞራቴው ሞተር ብስክሌት ያንኳኳውና የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅቱ ያየችው ትክክል ነበር ማለት ነው!

በመጥረጊያ የተገኘ ትምህርት

ሮቢንሰን ከተስኪጊ ወጥተው በዲትሮይትና በቺካጎ በመካኒክነት ሠሩ። በቺካጎ ኩርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ቢያመለክቱ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አልተቀበላቸውም። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው አልሄዱም። ማታ ማታ የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መጥረጊያ ይዘው ከኋላ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ከመጥፋቱ በፊት ይገለብጣሉ። እስቲ ጓደኞቻችን፣ እኛ ተመዝግበን፣ ወንበር ተሰጥቶን ስናንቀላፋ ይህን እናስታውስ።

በዚያው ዘመን ኮርኒሊየስ ኮፊ ከሚባሉ የሙያ ጓደኛቸውና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር ሆነው ሂዝ ፓራሶል የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ገጣጠሙ። ሞተሯ ከሞተር ብስክሌት የተወሰደ ነበር! ይህን ስናነብ በኦሞራቴ አቧራ ላይ የሚሮጡት ሞተሮች ትዝ አሉን። የሰው ልጅ በዚያን ያህል ጉልበትና በዚያው በቤንዚን ከመሬት ተነስቷል።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተላቸው። ሮቢንሰንና ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተመረቁ። ከዚያም ነገሩ ተገለበጠ፤ ያው ያልተቀበላቸው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት ቀጠራቸው። የቺካጎ የአውሮፕላን ሜዳዎች ጥቁር አብራሪ አናስተናግድም ስላሉ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር በገዛ እጃቸው ሜዳ ጠርገው ማረፊያ ሠሩ። የአውሮፕላን መጠለያቸውን ማዕበል ያዘለ ነፋስ ቢያፈርስባቸውም ሌላ ሜዳ ፈልገው ቀጠሉ።

ስለ ኦክቴን ጥቂት

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን ስለ ቤንዚን ደረጃ እንናገር፤ ለሚቀጥለው ይጠቅመናል።

ቤንዚን ሁሉ አንድ አይደለም። ሞተር ጉልበቱ እንዲጨምር ድብልቁን አጥብቆ መጠቅጠቅ አለበት። አጥብቆ ሲጠቀጥቅ ደግሞ ደካማው ቤንዚን ቀድሞ ይፈነዳል፤ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ወደ ታች ይመታዋል። መካኒኮች ሞተሩ ያንኳኳል የሚሉት ይህን ነው። በመኪና ላይ ቢሆን ዳር ይዘን እንቆማለን። በአየር ላይ ግን ዳር የለም።

ቤንዚኑ ይህን ማንኳኳት የሚቋቋምበት መለኪያ ኦክቴን ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ነዳጁ ቀድሞ አይፈነዳም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጂሚ ዱሊትል የተባሉ አሜሪካዊ አብራሪ ለሼል ኩባንያ ሲሠሩ 100 ኦክቴን ያለው የአውሮፕላን ቤንዚን በብዛት እንዲመረት ብዙ ለፍተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ተጨማሪ ጉልበት ያገኙት በዚሁ ነዳጅ ነበር። ኦክቴኑን ከፍ የሚያደርገው እርሳስ ያለበት መርዛማ ቅመም ነው። እርሳሱ ለሰው ጤና፣ ይልቁንም ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ስለሆነ ከመኪና ቤንዚን እንዲወጣ ተደርጓል። ለትንንሽ አውሮፕላን በሚሆነው ቤንዚን ውስጥ ግን ለረጅም ዘመን ቆይቷል፤ እሱንም በሌላ ለመተካት ብዙ እየተሠራ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ

ወደ ታሪካችን እንመለስ። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ጥቂት አውሮፕላኖች ገዝታ፣ የራሷንም አብራሪዎች ማሠልጠን ጀምራ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግን የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ እየቀረበ መጣ።

በዚያን ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን የተባሉ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። ስለ ሮቢንሰን ሰምተው ለኢትዮጵያ እንዲያገለግሉ ጠየቋቸው። ሮቢንሰን የተደላደለ ኑሮ፣ ተማሪና ሥራ ነበራቸው። ሁሉን ትተው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በኮሎኔልነት ማዕረግ የትንሹ አየር ኃይል አዛዥ ሆኑ።

የትኛው አየር ኃይል? አውሮፕላኖቹ ደርዘን ቢሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ ያረጁ፣ መሣሪያም ያልታጠቁ ነበሩ። ኢጣልያኖች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሯቸው። ስለዚህ የኮሎኔል ሮቢንሰን ሥራ በአየር ላይ መዋጋት ሳይሆን መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር ማመላለስ ነበር።

እስቲ ይህን ሥራ በነዳጅ ዓይን እንየው። ለፖቴዝ 25 በብዛት የሚገጠምለት ሎሬን የሚባል ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ጉልበቱ 450 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ይህ ሞተር ቤንዚን እንጂ ሌላ አያውቅም። አገራችን ደግሞ በዚያን ጊዜ ነዳጅ የምታጣራበት ፋብሪካ አልነበራትም። ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጅቡቲው። በየግንባሩ ያለው ሜዳ ዛሬ እንደምናየው ማደያና የነዳጅ መኪና የለውም። በዚያ ዘመን ነዳጅ በበርሜልና በቆርቆሮ ተጭኖ ሄዶ፣ በእጅ ነው ወደ አውሮፕላን የሚቀዳው።

በእጅ ሲቀዳ ደግሞ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። በርሜል ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ጤዛ ይፈጥራል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ የሞተሩ ቧንቧ ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ ትንሽ ከፍ እንዳለ ውኃው ይደርስና ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን አብራሪዎችና መካኒኮች ነዳጁን በለስላሳ ቆዳ ያጠሩት ነበር፤ ቆዳው ቤንዚኑን አሳልፎ ውኃውን ያስቀራል። ዛሬም ቢሆን የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ከመነሳቱ በፊት ከታንከሩ ሥር በብርጭቆ ቀድቶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል።

ሌላው የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተራ የፒስተን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሲደመር አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ከመሬት ሳይነሳ ጠፍቷል ማለት ነው። አየሩ ካነሰ ቤንዚኑም በልኩ መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ይታፈናል። አብራሪው ይህን የሚያስተካክልበት ልዩ እጀታ አለው። እንደ ኦሞራቴ ባለ ከ400 ሜትር በታች በሆነ ቆላ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ቤንዚኑን ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ወደ ተን ይለውጠውና ፍሰቱን ሊዘጋ ይችላል። በሁለቱም በኩል መብረር የሚፈልግ ሰው የነዳጁን ጠባይ ማወቅ አለበት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች አድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ኮሎኔል ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። ያዩትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ በረሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የጠላት አውሮፕላን ሲያሳድዳቸው በደመናና በተራራ መካከል እየተሸሸጉ ብዙ ጊዜ ተመላለሱ። ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዙም ደርሶባቸዋል ይባላል። የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም አወጡላቸው። ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች የሚኖር ትልቅ አሞራ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በኒው ዮርክና በቺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው።

ከጀግንነት ወደ ጥቁር ሰሌዳ

ሌላ ሰው ቢሆን በዝናው ይኖር ነበር። ሮቢንሰን ግን በቺካጎ በስማቸው የበረራና የመኪና ምሕንድስና ትምህርት ቤት ከፈቱ። መኪናንና አውሮፕላንን በአንድ ቤት ማስተማራቸው በአጋጣሚ አልነበረም፤ የሳቸው የራሳቸው መንገድ ያ ነበርና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒክነት አስተምረዋል።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችና መካኒኮች ጋር እንደገና መጡ። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከጦርነቱ በፊት የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር ሥራው ከሀ የሚጀመር ነበር። ሞተር መፍታት፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ነዳጅ ማጥራት፣ ከዚያ በኋላ ነው መብረር። አገራችን ከጦርነት በኋላ ያቆመችው የአየር ሥራ ከመሠረቱ ድንጋዮች አንዱ ይህ ትምህርት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 የሚባሉ ሲሆኑ፣ የዳኮታ ዘር ናቸው። እነዚህም ሁለት ትላልቅ የፒስተን ሞተር ያላቸው፣ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን የሚጠጡ ነበሩ። ስዊድኖች ለአየር ኃይሉ ያመጧቸው ሳብ አውሮፕላኖችም እንዲሁ በቤንዚን የሚሠሩ ናቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚበረው ሁሉ ቤንዚን ነው ብንል አንሳሳትም ነበር። የኛ መልስ ለዚያ ዘመን ልጅ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ባገኘንበት!

የኮሎኔሉ ኑሮ ግን ሁሉ ማር አልነበረም። የአየር ኃይሉ አመራር በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለሚመሩት ስዊድኖች ሲሰጥ ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። ጉዳዩ ወደ ጠብ አምርቶ ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ ወጡ። በዚያ ተቀይመው አገር ጥለው አልሄዱም። በአዲስ አበባ ኖሩ፣ ማስተማርና መብረሩንም አልተዉም።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ከአንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ጋር ስቲንሰን በምትባል ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተነሱ። ለሕመምተኛ ደም ለማድረስ ነበር ይባላል። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀች። መሐንዲሱ ሞቱ፤ ኮሎኔል ሮቢንሰንም ክፉኛ ተቃጥለው ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል ከቆዩ በኋላ መጋቢት 18 ቀን አረፉ። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ መቃብር ነው።

እሳቸው ያላዩት ነዳጅ

ኮሎኔሉ ባረፉ በዘጠኝ ዓመት ግድም፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ቦይንግ 720 የሚባል ጄት ወደ አገራችን መጣ። ፕሮፔለር የለውም፤ ካንዴላ የሚጠብቅ ፒስተንም የለውም። የሚጠጣውም ቤንዚን አይደለም። ምን ይሆን? በኩራዛችን ውስጥ ያለው የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው!

ጄት ሞተር የሚሠራው እንዲህ ነው። ከፊት አየር ይስባል፤ በሚሽከረከሩ ክንፎች ይጠቀጥቀዋል፤ ነዳጅ ይረጭበታል፤ እሳቱ አንዴ ከተለኮሰ በኋላ ሳያቋርጥ ይነዳል፤ የጋለው አየር ወደ ኋላ ሲተኮስ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል። እንደ ፒስተን በየጊዜው የሚለኮስ ፍንዳታ ስለሌለ ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኦክቴን አያስጨንቀውም። በዚያ ላይ ኬሮሲን ከቤንዚን ይከብዳል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የበለጠ ኃይል ይዟል፤ በቀላሉም አይተንም፣ አይቀጣጠልም። የጄት ነዳጅ ከ38 ዲግሪ በታች በብልጭታ የሚቀጣጠል ተን እንዳይሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቤንዚን ግን በብርድም ቢሆን እሳት ይስባል።

ኩራዝ ውስጥ ካለው የሚለየው በጥራቱና ብርድ በመቻሉ ነው። ትልልቅ ጄቶች በ10 ወይም በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲበሩ ውጪው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ይደርሳል። ጄት ኤ 1 የሚባለው በዓለም ላይ የተለመደው ነዳጅ እስከ 47 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ እንዳይረጋ ሆኖ ይዘጋጃል። በጣም ብርድ በሆነ አገር ቤንዚንና ኬሮሲን ተደባልቆ የሚሠራ ጄት ቢ የሚባልም አለ።

ታዲያ ፕሮፔለር ያለው ሁሉ ቤንዚን ነው እንዳትሉ! ወደ ጂንካ የሚመላለሰው ኪው 400 ፕሮፔለር አለው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ግን በውስጡ ያለ የጄት ዓይነት ሞተር ነው። ይህ ቱርቦፕሮፕ ይባላል፤ የሚጠጣውም ጄት ኤ 1 ነው። ከትንንሾቹም ሴስና 206 በፒስተን ስለሚሠራ ቤንዚን ይጠጣል፤ ታላቅ እህቱ ሴስና ካራቫን ግን ቱርቦፕሮፕ ስለሆነች ኬሮሲን ትጠጣለች። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ዘመድ ይመስላሉ። ናፍጣስ? እሱም ቦታ አለው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ዩንከርስ ኩባንያ የናፍጣ ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች አብርሯል፤ ዛሬም ካንዴላ የሌላቸው፣ በጠቅጣቂ ሙቀት ብቻ የሚለኮሱ ትንንሽ ሞተሮች አሉ። እነዚህም ጄት ኤ 1 ይጠጣሉ።

ከዚህ ሁሉ መካከል የሚያስፈራው መደባለቅ ነው። የፒስተን አውሮፕላን ውስጥ ኬሮሲን ቢገባ ቧንቧው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ይነሳል፤ ከዚያ አየር ላይ ሞተሩ አንኳኩቶ ይሰበራል። በዓለም ላይ በዚህ ስሕተት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ባለ 100 ኦክቴኑ የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ የጄት ነዳጅ ግን ቀለም የለውም ወይም እንደ ገለባ ነው። የቤንዚኑ ምልክት ቀይ፣ የጄቱ ጥቁር ነው። የመቅጃው አፍም የጄቱ ሰፊ ሆኖ ይሠራል፤ በቤንዚን ታንከር ጠባብ ቀዳዳ እንዳይገባ።

ለክፍላችን የሚሆን

ለእጩ መምህራን ጓደኞቻችን አንድ ቀላል ማሳያ እናካፍል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን፣ በሌላው ላይ አንድ ጠብታ ነጭ ጋዝ አድርጉ። ቤንዚኑ ጥቂት ቆይቶ ተኖ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል። ነጭ ጋዙ ግን የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። አብራሪዎችም ሲጠራጠሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። ማሳያው ከክፍል ውጪ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ በመምህሩ እጅ ብቻ ይሁን።

እኛም በሚቀጥለው መንፈቅ ወደ ኦሞራቴ ስንመለስ በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛ ክፍል የነበሩትን፣ አሁን ስምንተኛ የገቡትን፣ ሰብስበን የሰጠነው መልስ ስሕተት እንደነበር እንነግራቸዋለን። ያቺን ልጅም ከሁሉም ፊት አስነስተን የወንድሟ ሞተር ብስክሌት ከኛ ይልቅ በትክክል እንዳስተማራት እንመሰክርላታለን። ከዚያም ሁለቱን ጠብታ እሷ እያየች ወረቀት ላይ እናደርጋለን።

ኮሎኔል ሮቢንሰን በር ቢዘጋባቸው መጥረጊያ ይዘው ገቡ፤ ያወቁትንም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩም። እኛ በሩ ክፍት ሆኖልን፣ ጠያቂ ልጅም ፊታችን ቆማ፣ ሰዓት ደርሷል ብለን አስቀመጥናት። ይህ እንዳይደገምብን ነው ይህን ሁሉ የጻፍነው። የተሳሳትነው ካለ መምህሮቻችን እንዲያርሙን፣ የምታውቁት ተጨማሪ ነገር ካለም ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ እንድትጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።